በሁዳዴ የተጠየቀ የሰርግ ዘፈን

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ጾም አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤታችን ውስጥ ነው። ከጓደኞቼ ጋር በበጎ ፈቃድ የምናዘጋጀው የዓለም ሙዚቃ መጽሔት የየአገሩን የሰርግ ዘፈን ይዞ ሊወጣ ነበር። አንዲት ሴኔጋላዊት ዘፋኝ በስልክ ቪዲዮ የአገሯን ዘፈነችልን። ቀጥሎ እናቴ የእኛን እንድትዘፍን ስጠይቃት ደነገጠች።

«በጾም ልዝፈን? አብደሻል? ጾሙ ሲፈታ እዘፍንላታለሁ በያት።»

የጋይንት ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። እንግዳዋ ኋላ ቀር እንዳትለን ፈርቼም በእንግሊዝኛ «እናቴን ጉሮሮዋን አሟታል» አልኳት። ሴትዮዋ አዝና የራሷን ጉሮሮ በእጇ ዳሰሰች።

«ውይ፣ ጉሮሮዋን አመማት እንዴ?» አለች እናቴ ወደ ስልኩ ተጠግታ። «እንዲያ ስትጮህ! ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣ በያት እንጂ፤ ምን ይገትርሻል?»

ይህን ከመተርጎም ይልቅ ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማታ እናቴ ስትጸልይ ለእንግዳዋም ምሕረት ስትለምን ሰማኋት።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ ለእንግዳዋ እናቴ ጤነኛ እንደሆነች፣ ያልዘፈነችውም ጾም ስለሆነ እንደሆነ ጻፍኩላት፤ ጓደኞቼንም እትሙን ከፋሲካ በኋላ እንድናወጣው ለመንኳቸው።