ጽዋ አዝዬ ወደ አምቦ

ጥር ፲፫፣ ማለዳ፤ አዲስ አበባ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ጋቢዬን ደርቤያለሁ፤ ስንቄን በአገልግል ይዣለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ደግሞ ጽዋውን አዝያለሁ። ጽዋ የምለው የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችንን ጽዋ ነው። ባለ ክዳን የሸክላ ዕቃ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በቀይ ጥለት የታሰረ።

ማኅበር ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ወር በገባ በአሥራ ስድስት ቀን ተረኛዋ ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ይባርካሉ፤ ከጋኑ መጀመሪያ የሚቀዳው ለጽዋው ነው፤ ከዚያ በፊት ማንም ጠላውን በአፉ አያደርግም። ሲመሽ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው ባዶ መሬት አይነካም። ወደ ወጣበት ቤትም ዙሩ ሳይሞላ አይመለስም። ደንባችን ይኸው ነው፤ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስገባ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የዚህ ወር ተራ የድንቄ ነው፤ ባለፈው ወር ስላልመጣች ጽዋው እኔ ቤት ቆየ። ድንቄ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ከአንድ ጽዋ ጠጥተናል። አንድ ልጅ ነበራት፣ ኪዳኑ። ለኪዳነ ምሕረት ተስላ፣ ስንት ዓመት አልቅሳ ያገኘችው ልጅ ነው። ኪዳኑ በመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ሆኖ አምቦ ሲመደብ ተከትላው ሄደች። ባለፈው ክረምት ሳንባውን አመመውና ሞተ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር ለቅሶ እንኳ አልደረስንላትም።

ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ሾፌር አፍ መልእክት ላከች። “ተራዬን ዝለሉኝ፤ ከማኅበሩም አውጡኝ” ነው የሚለው።

የማኅበራችን አለቃ፣ እኛ ሙሴ የምንለው ሰው፣ “ልቧ ተሰብሯል፤ እንተዋት” አለ። እኔ ግን ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አልኩ።

“ጽዋውን ይዘሽ ሄደሽ እምቢ ብትልሽስ?” አለኝ። “ዕቃው መንገድ ላይ ቀረ፤ ወሩም ያለ ማኅበር አለፈ ማለት አይደል? እስከ ዛሬ አንድም ወር አልፎን አያውቅም።”

“እሷ እምቢ ብትል ኪዳነ ምሕረት አትጥለንም” አልኩት። አፌ ፈጣን ነው። ብትቀበል በአሥራ አምስት ማለዳ በዚያው ሾፌር ቃል እልካለሁ፤ እነሱም በማግስቱ ይመጣሉ። ቃል ካልመጣ ድንቄ ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። በዚህ ተለያየን። ፍርሃቱ የመጣብኝ አውቶቡስ ተራ ከደረስኩ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ገመቹ ይባላል። መልእክቱን ያመጣውም እሱ ነው። ጀርባዬን አይቶ ከበሩ ብድግ አለ።

“እማማ፣ ከፊት ይቀመጡ፤ ሕፃኑን ነፋስ እንዳይመታው።”

“ሕፃን አይደለም ልጄ፤ ጽዋ ነው።”

“ተመስገን! እንግዲያው አያለቅስብኝም” አለና ሳቀ። ጽዋውን ወደ ፊት አዙሬ ታቀፍኩት፤ አውቶቡሱም ጥቁር ጭሱን ተፍቶ ተነሣ።

በዚያው ቀን፤ ሆለታና አዲስ ዓለም

ቡራዩን ካለፍን በኋላ መንገዱ ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ ነው። የእንጨት ሸክም የያዙ ሴቶች ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ እኛ ወደ እነሱ አገር እንሄዳለን። ሆለታ ላይ እርጎ በስሙኒ ገዛሁ። ሻጯ ልጅ እርጎውን በቅል ሰጥታኝ፣ ጠጥቼ እስክጨርስ ቅሉን በዓይኗ ትጠብቀዋለች።

እኔ ተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ የሰፈራችን ቄስ ናቸው። ያልተማረ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይወዳል። ለድንቄ የምላትን አላውቀውም፤ ስለዚህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ልጠይቅ ብዬ ቆርጫለሁ። ከሾፌሩ ጀመርኩ።

“ገመቹ፣ እግዜር ቃሉን እንደሚጠብቅ አንተ በምን ታውቃለህ?”

“ኧረ እማማ! ቁልቁለት ላይ?”

ቁልቁለቱ እስኪያልቅ አፌን ያዝኩ። ሜዳ ሲደርስ ራሱ አነሣው። “ይኸውልዎ፣ ፍሬኑ የኔ ነው። መንገዱ የሱ ነው። እኔ ፍሬኔን አያለሁ፤ የሱን ለሱ ትቻለሁ።”

“ፍሬንህ ተበጥሶ ያውቃል?”

“ሁለት ጊዜ!”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ይኸው እያወራን!” መላው አውቶቡስ ሳቀ። ልቤ ግን አልረካም። ኪዳኑም እኮ በዚሁ መንገድ ላይ ነበር የሚሠራው።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ፤ ጠየቅሁት። አምቦ ላይ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ ይባላል። እሳት ሳይነካው ለምን ይፈላል? ጠላስ ይጠመቅበታል?

“ጠላ!” አለ ገመቹ። “ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠመቅበት ጋኑ ጣራውን ይዞ ይነሣል!”

አዲስ ዓለም ስንደርስ አውቶቡሱ ዝግ አለ። ማንም ምንም ሳይል ወንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሴቱ ከወንበሩ ብድግ እያለ ወደ ማርያም ደጅ እጅ ነሣ። እኔም ጽዋውን እንዳቀፍኩ ጎንበስ አልኩ። “እመቤቴ፣ ለድንቄ የምናገረውን አንቺ ስጪኝ” አልኳት።

ጥር ፲፫፣ ከሰዓት፤ ጊንጪ

ጊንጪ መግቢያ ላይ ከታች ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። አውቶቡሱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ገመቹ ወርዶ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን አራገፈ። “ባሌስትራው ተሰብሯል። ዛሬ እዚህ ነን።” ይህን ሲሰማ ከተሳፋሪው አንዱ ነጋዴ አጉረመረመ፣ አንዱ ወታደር ጮኸ፣ እኔ ደግሞ ጽዋውን አዝዬ ቆምኩ። መሬት አላስቀምጠው ነገር!

ከመንገዱ ዳር አውድማ አለ። በሬዎች ጤፍ ላይ ይዞራሉ፤ ገለባው በፀሐይ ወርቅ መስሏል። አንዲት ጎልማሳ ሴት ከአውድማው ዳር አየችኝና መጣች። ጫልቱ ትባላለች።

“አከም ኦልተን፣ አዮ!” አለችኝ። እንዴት ዋልሽ፣ እናቴ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ “ልጁን አውርጂው እንጂ፣ ሙቀት ነው።”

“ልጅ አይደለም፤ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ነው። መሬት አይነካም።”

ደነገጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመችውና እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። መደቡን ጠርጋ፣ ቁርበት አንጥፋ፣ በቁርበቱ ላይ የራሷን አዲስ ነጠላ አነጠፈችና “እዚህ” አለች። አስቀመጥኩት። ወገቤ ተላቀቀ።

“ውስጡ ምን አለ?”

“ምንም። ባዶ ነው።”

“ባዶ ዕቃ እንዲህ ይከበራል?”

“በአሥራ ስድስት የሚሞላ ነው።” እንዲህ ስል ድምፄ ቀጠነብኝ፤ መሙላቱን አላውቅማ።

ጫልቱ ያን አልሳተችውም። እንጀራ በጎመን አቀረበችልኝና “ምን ሆነሻል?” አለችኝ። ነገርኳት። ልጁንም፣ ስለቱንም፣ መልእክቱንም። ጨርሼ እሷንም እንደ ሾፌሩ ጠየቅኋት፤ እግዜር እንደማይከዳ በምን ታውቂያለሽ?

ሳቀች። “አዮ፣ ከባሌ ጋር ስኖር ‘ትታመንልኛለህ ወይ’ እያልኩ ነው የምውል? አብሬው ነው የምኖረው። ከዋቀዮም ጋር እንደዚሁ ነው። ደግሞ እጣላዋለሁ።”

“ከእግዜር ጋር?”

“ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ? አምና በረዶ ስንዴዬን ሲያወርደው ጎረቤቴ ነው ያወረደው? ውጭ ወጥቼ ጮህኩበት። ባሌ ‘ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል’ ይለኛል። ሰው ይስማ! እኔ የማወራው ከሰው ጋር አይደለም።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ብርድ ነበር፤ ገባሁ። ጠዋት ደግሞ እንደ ወትሮዬ ‘እንዴት አደርክ’ አልኩት።”

እንዲህ ያለ ነገር ከቄስም ሰምቼ አላውቅም። ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ ስትጣይው ምን ትይዋለሽ? ዝም ሲልሽስ? እሷም እየሳቀች መለሰችልኝ። እኔ እስካሁን እግዜር ላይ ጮኼ አላውቅም። የሚቻል መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ጥር ፲፬፤ አምቦ

ባሌስትራው ተበይዶ ረፋዱ ላይ ተነሣን። ከጊንጪ ወዲያ አገሩ ይከፈታል፤ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር፣ ክምር፣ ክምር። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ለስለስ አለ። ገመቹ ዞሮ ሳያየኝ፣ “ይህን የደለደለው የወይዘሮ ድንቄ ልጅ ነው” አለ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

መንግሥት ከተማውን ሀገረ ሕይወት ብሎ ሰይሞታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ግን “አምቦ ወራጅ!” ነው የሚለው። ከጫልቱ ቤት ይዤው የወጣሁትን ድፍረት ግማሹን ገበያው ውስጥ ጣልኩት። የድንቄ ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ወደ ሁሉቃ ወንዝ መውረጃው ላይ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ድንቄ ጥቁር ለብሳ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ ጀርባዬን።

“ዘነቡ፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?”

“ተራሽን።”

“ዝለሉኝ ብያለሁ። ሾፌሩ አልነገራችሁም?”

“ነግሮናል። ከአፍሽ ልስማ ብዬ ነው።”

“ይኸው ስሚ! ዝለሉኝ! ለምኜ፣ ተስዬ፣ ስሟን ስሙ አድርጌ ያሳደግሁትን ልጅ ወሰደችብኝ። ምን ብዬ ነው ፊቷ ቆሜ እልል የምለው? አንቺ ንገሪኛ! ምን ብዬ?”

በመንገድ የለቃቀምኩት ሁሉ ጠፋኝ። የገመቹ ፍሬን ለዚህ ቤት አይሆንም። ጽዋውን እንዳዘልኩ ቆሜያለሁ። እሷም አውርጂው አላለችኝም። እንዲሁ እንደቆምኩ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝ። ጌሾ ነው። ሽታውን ተከትዬ ጓዳ ገባሁ፤ ይህ አመሌ ነው፣ አይለቀኝም። ጥጉ ላይ ትልቅ ጋን ቆሟል፤ አፉ በቅጠልና በጭቃ ተመርጓል።

“ድንቄ” አልኩ ከጓዳው ሆኜ፣ “በየትኛው ውሃ ነው የጠመቅሽው?”

“ምን አልሽ?”

“የአምቦው ፍል ውሃ ጠላ ይሆናል ወይ እያልኩ ከአዲስ አበባ ጀምሮ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ አጣሁ።”

“ኧረ አንቺ ሴትዮ! ሰው እያለቀሰ ውሃ ትጠይቂያለሽ?” ግን ተነሥታ መጣችና የጓዳው በር ላይ ቆመች። “በሁሉቃ ውሃ ነው። በፍል ውሃው አንዴ ሞክሬ ጣዕሙ ሌላ ሆነብኝ፤ ደፋሁት።”

“ይኼኛውስ? ጣዕሙ እንዴት ነው?”

“እኔ እንጃ። አልቀመስኩትም።”

“ጠማቂዋ ሳትቀምሽ?”

“እንዴት አድርጌ ልቅመሰው? ለጽዋው ሳይቀዳ!”

ይህን ብላ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ሁለታችንም ጋኑን አየነው። “ዝለሉኝ ካልሽ ለማን ጠመቅሽው?” አልኳት።

“አላውቅም፣ ዘነቡ። የጥምቀት ለት ታቦቱን ከመንገድ ዳር ሆኜ አየሁት፤ አልተከተልኩም። ቤት ገብቼ ግን ጥንስሱ መድረሱን አየሁ። ጌሾውን ከዚያ በፊት ወቅጬዋለሁ ማለት ነው። አኩርፌያታለሁ። እውነቴን ነው፣ አኩርፌያታለሁ። ግን አሥራ ስድስት ቀን ሲደርስ በባዶ ቤት ትምጣብኝ?”

ጫልቱ ትዝ አለችኝ። ልናገር ብዬ ተውኩት፤ የሌላ ሰው ጠብ ለዚህ ቤት ምን ያደርግለታል? “ለምን እንደወሰደችው እኔም አላውቅም፣ እህቴ” አልኳት። “በአሥራ ስድስት ስትመጣ አብረን እንጠይቃታለን። ልጩኽባት ካልሽም አብሬሽ እጮኻለሁ።”

“ሰው ምን ይላል?”

“እኛ የምናወራው ከሰው ጋር አይደለም።”

በእንባዋ መሐል ፊቷ ፈታ አለ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አንዴ፣ ደግሞ እንደገና። ከዚያ ወደ ጀርባዬ ዞረችና አንቀልባውን ራሷ ፈታችው። ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀብላ ግንባሯን አስነካችው። ብዙ ቆየች። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ቀና ስትል፣ “ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?” አለችኝ። “ዳቦው ገና አልተቦካም እኮ!”

ጥር ፲፭፣ ማለዳ፤ አውቶቡስ ተራ

ጉም ከሁሉቃ እየተነሣ ነው። በመንገዴ ፍል ውሃውን አየሁት፤ እውነትም ያለ እሳት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የነገረኝ የለም። እጄን ነክሬ አማተብኩበት።

ገመቹ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ባዶ ጀርባዬን አየ።

“ሕፃኑስ፣ እማማ?”

“ቤቱ ገባ።”

ፊቱ በራ። “ለማኅበሩ ምን ልበልልዎ?”

“ድንቄ ተረኛ ናት በላቸው። ነገ በጊዜ ይምጡ፤ ጋኑ ሳይቀመስ እየጠበቀ ነው በል።”

ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋና ሄደ። እኔ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ዳቦው ይቦካል።