የእትየ ዕንቁ ሙሾ አንደኛ ሲወጣ

የወረታው ባጃጅ ነጂ እንግዳው፣ ዘፈኑ በሬዲዮ አንደኛ በወጣለት ቅዳሜ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ዋለ። ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለው «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ይላል፤ ሆዱ ግን ሌላ ያወራል። እኔ ብሆን አስፋልቱ መሀል እጨፍር ነበር፤ ግን የሱን ጉድ የሚያውቀው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ልጅ ነው። አሮጌ ጊታር ገዝቶ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ባጃጁ ውስጥ ሲነካካ ሦስት ዓመት ፈጀ። ዘንድሮ ባሕር ዳር ስቱዲዮ ያለው ወዳጁ ባየህ «እስቲ አንዱን እንቅረጸው» አለው። ለስለስ ያለ ሮክ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከበሮው አይቸኩልም፣ ጊታሩ ያባብላል። ወረታ መጀመሪያ ሳቀችበት፤ «ትከሻ የማይነቃነቅበት ዘፈን ምን ዘፈን ነው?» ተባለ። ዳሩ ግን ሬዲዮው በየሳምንቱ በአድማጭ ድምፅ አስር ዘፈን ሲመርጥ፣ ዘጠነኛ ገባ፣ አራተኛ ሆነ፣ በወሩ አንደኛ ላይ ጉብ አለ። ሰዉን የያዘው ግጥሙ ነው፦

ውሃውም ጎደለ፣ ሜዳውም ደረቀ፤
ያንተ መምጫ መንገድ ምነው ከኔ ራቀ?

ሰው ሁሉ የፍቅር ዘፈን ብሎታል። ግጥሙ ግን ሙሾ ነው። አክስቱ እትየ ዕንቁ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ርብ ወንዝ ሞልቶ ባላቸውን አያልነህን ሲወስድባቸው፣ ለቅሶው ላይ ደረታቸውን እየመቱ ያወረዱት ነው። የሰው ሙሾ ወስዶ መዝፈን ደግሞ እዚያ አገር ነውር ነው፤ ሟርት ነው የሚሉም አሉ። እንግዳው ማን ይሰማዋል ብሎ ነው። ሞኝ! አሁን የሩዝ መፈልፈያው ሳይቀር ያንኑ ያስጮኻል። እትየ ዕንቁ ደግሞ እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት ናቸው፤ እሳቸው ከረገሙት አንደኛ መውጣቱ ምን ሊረባው ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። የበደለ ሰው እንደዚያ ነው ይቅርታ የሚለምን። ደንቡ ሽማግሌ ማስቀደም ነበር፤ እሱ ግን አፍሮ ብቻውን ሄደ። እትየ ዕንቁ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበረከከ።

«እትየ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና ብለው አዩት። «ስለ ዘፈኑ ነው?»

«ሰምተውታል?»

«ዘጠነኛ የወጣ ዕለት ሰማሁት። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልሁ ስጠብቅህ ነበር።» ድምፃቸው ቆጣ አለ። «አስቀይመኸኛል። ስለዘፈንኸው ግን አይደለም። ስሙን ለምን ጣልኸው?»

እንግዳው ገባው። ለፍቅር ዘፈን አይሆንም ብሎ የተዋቸው የሙሾው ቀጣይ ስንኞች ነበሩ፦

አያልነህ እያልሁ ስጣራ ከዳሩ፤
እንቁራሪት ብቻ መለሰ ከባሕሩ።

«ታለቅሳለች ብለው ፈርተው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን በፊቴ የሚጠራ ጠፋ» አሉ እትየ ዕንቁ። «ከነጭራሹ ያልተፈጠረ መሰለ እኮ፣ ልጄ። አሁን አገር ሁሉ የሱን ሙሾ ይዘፍናል፤ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ድንጋይህን ጣልና ሂድ አስተካክለው።»

በማግስቱ ባየህ ዘንድ ሄዶ ስንኞቹን ጨምሮ እንደገና ቀረጸው። ቅዳሜ የሬዲዮው ጋዜጠኛ በስልክ አግኝታው፣ «ይህን የመሰለ ግጥም ለየትኛዋ ቆንጆ ነው?» አለችው።

«ለአያልነህ ነው። የአክስቴ ባል ነበር፤ ርብ ነው የወሰደው። ግጥሙም የእኔ አይደለም፤ የአክስቴ የዕንቁ ነው።»

ጋዜጠኛዋ ሁለቱንም ስም ደግማ ጠርታ አዲሱን ቅጂ ለቀቀችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳው ሬዲዮውን ይዞ እትየ ዕንቁ ቤት ሲገባ፣ ቤቱ በጎረቤት ሴቶች ሞልቷል። ጎረቤታቸው ይታይሽ፣ አያልነህ አንድ ጊዜ ገበያ ሄዶ የገዛው በሬ አርሶ የማያውቅ ሆኖ እንዴት እንዳስቸገረው ትተርካለች፤ ሴቶቹ በሳቅ ሞተዋል። እንግዳው ጥግ ይዞ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ዘፈኑ ሦስተኛ ሆኗል።

«ወረደ፣ እትየ» አላቸው ከፍቶት።

«ይውረዳ» አሉት እትየ ዕንቁ ዓይናቸውን ከይታይሽ ሳይነቅሉ፤ «ዝም በል እስቲ፤ ስለ አያልነህ እያወራችልኝ ነው።»