ቡታን ማን አለሽ?

ቡታን ለመሄድ ምን እንደሚያስፈልግ ዛሬም በእንቅልፍ ልቤ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ዝም ብሎ ቲኬት ቆርጦ መሄድ የለም። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው የጉዞ ወኪል ታገኛላችሁ፣ የእያንዳንዱን ቀን ዋጋ አስቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ቪዛውን የሚያወጣላችሁ እሱ ነው። ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ አስጎብኚውም እዚያው ዋጋ ውስጥ አለ። ርካሽ አገር የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ። ከዴልሂ ስትበሩ በግራ በኩል ያለውን መስኮት ያዙ፤ ትልልቆቹ ተራሮች በዚያ ናቸው። ከፍታው አዲስ አበባ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም። ሜሪላንድ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ግን ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ጉራ ራስ ያዞራል።

ይህን ሁሉ ያጠናሁት ሜሪላንድ አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ የፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ሆኜ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሃይስኩል ወዲያ አልተማርኩም፣ አንድ ቦታ መርጋት አልችልበትም። ለምን ቡታን? ከማውቀው ሰው አንድም የሄደ ስላልነበረ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያላጠናሁት እናቴን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን እንኖር ነበር። ቪዛው መጥቶ ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነገርኳት። እዚያ ማን አለሽ አለችኝ። ማንም አልኳት።

“ታዲያ ማን ሊቀበልሽ ነው የምትሄጂው?”

ለሽርሽር ነው ብላት አልገባትም። እናቴ ዘመድ በማይጠብቃት ኤርፖርት ወርዳ አታውቅም። እዚህ ስትመጣ አክስቴ ነበረች፤ አዲስ አበባ ስትሄድ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ለእሷ ሰው ወደሌለበት አገር የሚኬደው ሲሸሹ ብቻ ነው። ከማን ነው የምትሸሺው፣ ከእኔ ነው ወይ ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

ለሥራ አስኪያጄ እንኳ ቃል አላሳድርም። እናቴ ሳትመርቀኝ ግን አውሮፕላን ላይ አልወጣም። እንኳን ቡታን፣ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና የሄድኩትም ተመርቄ ነው። ሦስት ቀን ሲቀረኝ ለወኪሉ ጻፍኩ፦ እባክህ አስጎብኚው ለእናቴ ኮል ያድርግላት። ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን አስጎብኚው ደወለ።

የሁለቱም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነበር፣ ለዚያ ይሆናል የተግባቡት። ስለ እኔ ምንም አልጠየቀችውም። እናት እንዳለችው ጠየቀችው። አለችኝ፣ ጉልበቷን ያማታል አላት። ቃሪያ ትበላላችሁ ወይ አለችው። በአይብ ሠርተን እንደ ወጥ ነው የምንበላው አላት። እናቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

“ሰዎች ናቸው እኮ!”

ከዚያ በአማርኛ መረቀችው፦ እናትህን ያቆይልህ፣ ክፉ አይንካህ። እሱ ምኑም ሳይገባው “የስ ማዳም፣ የስ ማዳም” ይላል።

ስለዚህ ምክሬን ስሙ፦ ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት አስጎብኚያችሁ ለእናታችሁ ይደውል። እኔ ስለዘገየሁ ተቀጣሁ። እናቴ ያሰርኩትን ሻንጣ ፈትታ የጉልበት ቅባት፣ ሹራብና ቫይታሚን ለሰውየው እናት አስገባች። ከዴልሂ የሚወስደኝ አውሮፕላን ከተፈቀደው ኪሎ በላይ አይጭንም ስላት የተራራ ጫማዬን አወጣችው።

“በስኒከር ትወጪዋለሽ። ወጣት ነሽ።”

ልከራከር አፌን ስከፍት እጇን ራሴ ላይ ጫነች። አፌን ዘጋሁ፣ አጎነበስኩ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ አሜን አልኩ። ጫማው ሲልቨር ስፕሪንግ ቀረ።