ሁለት ጊዜ የተነቀለው ዘንባባ

አዘዘ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የባሕር ዳርን ዘንባባዎች ውሃ ሲያጠጣ ኖሯል። ከጣና ሐይቅ ማዶ ደልጊ ተወልዶ፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰ በጀልባ ተሻግሮ መጣና ከከተማው ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራም አልለወጠ፣ ጠባይም አልለወጠ። ሥራው ዛፍ ነው። ጠባዩ ደግሞ ይሉኝታ። ሰው ሲለምነው እንቢ ማለት አይሆንለትም፤ ቃሉ ከጉሮሮው ደርሶ ይመለሳል። የሥራ ባልደረቦቹ «ስም ሲወጣልህ ተሳስተዋል፤ አንተስ ታዘዘ እንጂ አዘዘ አይደለህም» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይሥቃል። ሚስቱ ባንቺአየሁ ግን አትሥቅም። «ሌላውን ሰው የሚያጠፋው ምላሱ ነው» ትለዋለች፤ «አንተን የሚያጠፋህ ዝምታህ ነው።»

ዓምና ጥር ላይ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከሚኖሩበት ሰፈር መንገድ ይሰፋል ተባለና አጥራቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ቤታቸው ተርፏል። ከአጥሩ ጥግ የቆመው ዘንባባ ግን አልተረፈም። የተከሉት ባለቤታቸው መርጌታ ቃለ ሕይወት ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ከሥሩ በርጩማ አውጥተው ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲያስተምሩ፣ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ስለሚቀመጡ፣ ትከሻቸው የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ ሆኖ ቀርቷል። ልጅ አልነበራቸውም። መርጌታ ካረፉ አራት ዓመት ሆነ። እማሆይም ከዚያ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ከቤታቸውና ከሐይቁ ዳር ካለችው ደብር በቀር የሚሄዱበት የላቸውም። ቢሮ ድረስ ሄደው «አጥሩን ውሰዱት፤ ዛፉን ግን ከነነፍሱ ስጡኝ» አሉ። አዘዘ ተላከላቸው።

«ዛፍ የምታዛውረው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ይሞትብኛል?»

«ዘንባባ ቻይ ነው። ሥሩ ቢቆረጥም ከግንዱ ሥር አዲስ ያበቅላል። ልቡ ካልሞተ አይሞትም።»

«ልቡ የት ነው?»

ወደ ላይ አመለከታቸው። «ከአናቱ፣ ገና ያልተፈታው ቅጠል ከሚወጣበት። ያችው አንዲት ናት። እሷ ከሞተች ሌላ የሚያቆጠቁጥበት የለውም።»

እማሆይ ቀና ብለው ረዥም ጊዜ አዩ። ከዚያም ከመርጌታ መቃብር አጠገብ እንዲተከልላቸው እንደሚሹ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ፍሬ ስብሐትም እንደ ፈቀዱላቸው ነገሩት።

አዘዘ ቦታውን ሄዶ አየ። መቃብሩ ከግቢው ዝቅተኛ ጫፍ ነው፤ የሐይቁ ደንገል ከሚጀምርበት ከአርባ እርምጃ አይርቅም። አፈሩን ጨብጦ ቢለቀው አልተበተነም፤ የጣቶቹን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ዘንባባ ውሃ መጠጣት ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ መቆም ግን አይወድም። ከመቃብሩ ሠላሳ እርምጃ ከፍ ብሎ፣ ከደወሉ ቤት ጎን ደረቅ ቦታ አለ። ይህንንም አይቷል። ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ እማሆይ የመቃብሩን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ጠዋት ጠዋት ጥላው ከሱ ላይ ያርፋል» አሉ።

«ይሆናል፣ እማሆይ» አላቸው።

ዛፉ የተነሣ ቀን ሁሉም ነገር እንደ ሥርዓቱ ነበር። አዘዘ ዙሪያውን ሁለት ቀን አስቆፍሮ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ቅጠሉን ሰብስቦ በገመድ አሰረ፤ ልቡን ነፋስና ፀሐይ እንዳይመታው። ክሬኑን የሚነዳው ምናሴ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወሬኛ ጎልማሳ ነበር። ዛፉን ከደብሩ ግቢ አድርሶ ወደ ጉድጓዱ ሲያወርደው ግን ሥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከሚገባው በላይ ወረደ። ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን ግማሽ ሜትር ያህል አጥልቀውታል። ዘንባባ በፊት በነበረበት ልክ ነው የሚተከለው፤ ግንዱ ከተቀበረ ይታፈናል። አዘዘ እጁን አነሣ።

«ምን ጎደለ ጋሼ?» አለ ምናሴ ከላይ ሆኖ። «ሌላ ሁለት ቦታ ይጠብቁኛል እኮ፤ ሙሽራ አደረግነው እንዴ?»

ሴቶቹ እልል ይላሉ። አባ ፍሬ ስብሐት መስቀላቸውን አንሥተው ቆመዋል። እማሆይ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ያለቅሳሉ። አዘዘ እጁን አወረደ።

«ምንም» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዝዘው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ሲወጣ ወደ ዛፉ ይሄድ ጀመር። በሦስት ባላ ደገፈው። ቅጠሉን ፈታለት። የደረቀውን ለቀመለት። ያጠፋውን ጥፋት በእንክብካቤ የሚክሰው መስሎት ነበር። በዐቢይ ጾም አጋማሽ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠወለጉ፤ ይህ ያለ ነው ብሎ አለፈው። ቀጥሎ የላዮቹ መንጣት ጀመሩ። ውሃ ማጠጣቱን ቢያቆምም አፈሩ ሁልጊዜ ርጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል። ነገሩ ግራ ቢገባው አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ማለዳ ሄደ።

ጾሙ ነውና ከደብሩ ጸበል የሚመለሰው ሕዝብ ብዙ ነው። አንዱ ጠርሙሱን፣ አንዷ ጣሳዋን ይዘው ወደ ዘንባባው ይቀርባሉ፤ የተረፋቸውን ጸበል ከሥሩ አፍስሰው፣ ግንዱን ስመው ይሄዳሉ። የመርጌታ ዛፍ ታሟል ተብሎ ተወርቷል። ከሁሉም ፊት ደግሞ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዘው የሚመጡት ራሳቸው እማሆይ ናቸው። አዘዘ ሰው እስኪሄድ ጠብቆ ከሥሩ በእጁ ቆፈረና አፈሩን አሸተተ። ልጅ ሳለ ደልጊ ዳርቻ፣ ከርሞ የተረሳ የዓሣ ወጥመድ ሲያወጡ የሚሸት ሽታ ነበረው።

ቤቱ ገብቶ ለባንቺአየሁ ነገራት።

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ? ጸበል ዛፍ ገደለ ልበል?»

«ጉድጓዱስ? እሱንም ጸበሉ ቆፈረው?» አለችው።

በማግሥቱ ኪዳን ከተደረሰ በኋላ፣ እማሆይ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ አዘዘን ከዛፉ ፊት ቆሞ አገኙት።

«እማሆይ፣ ዛሬስ አያፍስሱለት።»

«ምነው?»

«ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ውሃ በዝቶበታል።»

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡ። «ይኸ እኮ ጸበል ነው፣ ልጄ። ስንቱን ከአልጋ ያስነሣ ጸበል ዛፍ ይገድላል ነው የምትለኝ?»

«ጸበልማ ያድናል» አለ። «ግን ሰው ሲጠመቅ፣ ተጠምቆ ከውሃው ይወጣል። ዛፉ መውጣት አይችልም።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለአዘዘ በበጀው፤ ጥፋቱ ከጀሪካኑ ላይ ይቀርለት ነበር። እማሆይ ግን ጀሪካኑን እያዩ «እንግዲያው እኔ ነኛ የገደልሁት» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በገዛ እጄ። ጠዋት ጠዋት እየተሸከምሁ።»

ይህንንስ ሊሸከመው አልቻለም።

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ» አለ። «ቦታው ውሃ እንደሚቋጥር ያን ጊዜ አውቄ ነበር፤ አልነገርሁዎም። ጉድጓዱም ጠልቆ ነበር። ዛፉ ሲቀበር እያየሁ ዝም አልሁ። ይመልከቱ።» መርጌታ የሚደገፉበትን ልሙጥ ቦታ አሳያቸው። በፊት ከተቀመጠ ሰው ትከሻ ትይዩ የነበረው፣ አሁን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ብቻ ነው።

«አይቼዋለሁ» አሉ። «ዝቅ አለብኝ እኮ ብዬ ነበር። ዐይኔን ጠረጠርሁ እንጂ አንተን አልጠረጠርሁም።»

ከስድብ ሁሉ ይኸኛው ባሰው።

«ለምን ዝም አልህ?»

«ደስ ብሎዎት ነበር።»

«እኔን ደስ ይበላት ብለህ ዛፌን ቀበርኸው?» አሁን ተቆጥተዋል። «በል፣ አሁን የምጠይቅህን ደስ እንዲለኝ ብለህ እንዳትመልስ። ይተርፋል?»

«እዚህ ከቆመ ክረምቱን አይዘልቅም። የሞቱትን ሥሮች ቆርጠን ወደ ደወሉ ቤት ካወጣነው ምናልባት። ሁለት ጊዜ ተነቅሎ ሲጸድቅ ያየሁት አንድ ዘንባባ ነው።»

«ሲሞትስ ስንት አየህ?»

«አራት።»

እማሆይ ከመቃብሩ ድንጋይ ጫፍ ተቀመጡ። ወደ ደወሉ ቤት አዩ፤ ወደ ዛፉ አዩ።

«ከዚያ ጥላው ለሱ አይደርሰውም» አሉ።

«አይደርሰውም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ የሚያባብል ቃል ይጨምር ነበር። አልጨመረም።

«እሱስ ምን ጥላ ያስፈልገዋል» አሉ። «ጥላውን የሻሁት እኔ ነበርሁ። አንሣው።»

ክሬን በዚያ ሰሞን አልተገኘም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ የደብሩ ሰንበቴ ማኅበርተኞች፣ ሃያ ሁለት ወንዶች ሆነው መጡ። ዛፉን አጋድመው፣ በባሕር ዛፍ ግንድ እያንከባለሉ፣ በገመድ እየጎተቱ ሠላሳዋን እርምጃ በግማሽ ቀን ወጡ። ከሥሩ የሚበልጠው ጠቁሮ በስብሶ ነበር። አዘዘ ያንን ሁሉ ሲቆርጥ፣ ከግንዱ ግርጌ ጣት የማይሞሉ አራት ነጫጭ ሥሮች አገኘ። ለማንም አላሳየም፤ በርጥብ ጆንያ ሸፈናቸው። ሊተክሉት ሲሉ ጉድጓዱን በገመድ ለካና አስቆማቸው።

«ጥልቅ ነው። አፈር መልሱበት።»

መለሱ። ደግሞ ለካ።

«አሁንም ጥልቅ ነው።»

«ኧረ ሰውዬ፣ የጳጳስ መቃብር አደረግኸው!» አለ አንዱ ላቡን እየጠረገ። ሌሎቹ ሣቁ። አዘዘ አልሣቀም። «መልሱበት» አለ። ሦስተኛ ጊዜ መለሱበት።

ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነበር። አራት ቅጠል ብቻ ተወለት። ዙሪያውን ውሃ የሚወጣበት ቦይ ቀደደለት። አባ ፍሬ ስብሐትም ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ከሥሩ እንዳይፈስስ ተናገሩ፤ አንዳንዱ ሰው ግን አጉረመረመ። ሐምሌ ሲገባ ሁለቱ ቅጠሎች ደርቀው ወደቁ። መካከለኛዋ ያልተፈታች ቅጠል ሳታድግ፣ ሳትደርቅም፣ እንዳለች ቆመች። የዘንባባ ልብ ከበሰበሰ ያች ቅጠል ሲስቧት እንደ ገለባ ተመዝዛ ትወጣለች። አዘዘ ይህን ስለሚያውቅ አልነካትም።

«ሳባት» አሉት እማሆይ አንድ ቀን፣ በዝናብ መካከል። «መስከረም ድረስ እንዲህ ሆኜ አልከርምም።»

መሰላል አምጥቶ ወጣ። በሁለት ጣቱ ያዛት። ሳበ። ጠበቅ አድርጎ ሳበ። አልወጣችም።

«ይዛለች» አለ ወደ ታች። ከዚያም ቶሎ ብሎ ጨመረበት፤ «ዳነ አላልሁም፣ እማሆይ። ይዛለች ነው ያልሁት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

መስከረም ላይ ያች ቅጠል እኩሌታዋ ተፈታች። ቀጭን ናት፤ ጫፏም ቡኒ ነው። በዚያ ወር ሁለተኛ እሑድ፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ከጸበሉ ሲመለስ ወደ ዛፉ ቀርቦ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተ። አዘዘ ከቦዩ ቅጠል ሲጠርግ ነበር። ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ከዚህ አይፈስስም።»

«ጸበል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። አይፈስስም።»

ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ዘበኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነህና ነው የምትከለክለኝ?»

አዘዘ ፊቱ ቀላ፤ አንገቱን ሊደፋ ምንም አልቀረውም ነበር። አልደፋም። «የተከልሁት እኔ ነኝ» አለ።

ሰውየው አንድ ነገር አጉተምትሞ ጠርሙሱን ከደነና ሄደ። እማሆይ ከታች፣ ከመቃብሩ ዘንድ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው ዳዊታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።