መላጊያው ሲዞር ሰላምታ አይመለስም

ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ በኋላ እሳቸው ዘንድ የገባሁት ወንበር ለመቀባት ነበር። የሰፈሬ ልጃገረዶች አንድ በአንድ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ እናቴም በየሳምንቱ "ፓስፖርት አውጪ" ትለኛለች። እኔ ግን እንኳን ሰው አገር ሄጄ፣ ጎረቤት ገብቼ ውሃ መጠየቅ የማፍር ነኝ። እዚሁ ለመቅረት ሙያ መያዝ ነበረብኝ። ቀለምማ ማንም ይቀባል። ሙያ ማለት መላጊያው ነው።

መላጊያው የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ከባድ የብረት ማሽን ነው። ከላይ የተጣመመውን ጣውላ ያቀናል፤ ከሥሩ ደግሞ ውፍረቱን እኩል ያደርግለታል። ከጦርነቱ ሸሽተን ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ሙጫው ሳይቀር ተወስዷል። መላጊያውን ግን ማንም ሊያነሳው አልቻለም። ሞተሩን ፈትተው ገላውን ትተውታል። ጋሼ እጃቸውን ብረቱ ላይ ጣል አድርገው "አልሐምዱሊላህ፣ ለካ ክብደትም ይጠቅማል" ብለው ሳቁ። የቀድሞ ሠራተኞቻቸው ተበታትነው ነበርና፣ መብራት ተመልሶ ሌላ ሞተር ሲገጠም እኔን ጠሩኝ።

መጀመሪያ ያዩት ሻሼን ነው። ወንድ ሲያናግረኝ ጫፉን ስቤ አፌን እሸፍን ነበር።

"መላጊያው ሻሽ ይወዳል" አሉኝ፤ "ሲወስድ ግን ከነባለቤቱ ነው። ጠቅልለሽ እሰሪው።"

ከዚያ ቀጠሉ። አሮጌ ጣውላ ሳልፈትሽ እንዳላስገባ፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ሰጡኝ፣ ከፈረሱ ቤቶች በመጣው እንጨት ላይ ሳሳልፈው ሚስማር ብቻ ሳይሆን አንድ ቀን ጥይትም አገኘሁ። የጣውላው ጫፍ ምላጩ ላይ ሲደርስ በመዳፍ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት እንድገፋ። ጣውላው ወደ ኋላ ሊወረወር ስለሚችል በጎኑ እንድቆም። "አጠፋሁት ብለሽ ደግሞ እንዳታምኚው። ድምፁ ከጠፋም በኋላ ምላጩ ይዞራል።"

ሁሉንም ያዝኩ። ያልያዝኩት ጋሼም ለመናገር ያላሰቡትን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጣውላ እየገፋሁ ሳለ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ገብተው "እንደምን አደራችሁ" አሉ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ዞር ተብሎ፣ ጎንበስ ተብሎ፣ ቀኝ እጅ ተዘርግቶ በግራ እጅ ክርኑ ይደገፋል። ሁለቱም እጆቼ ለሰላምታ ሄዱ። ጣውላው ገና ግማሹ ነበር ያለፈው። ምላጩ ነጥቆ ወረወረውና በወገቤ አጠገብ አልፎ ግድግዳውን መታ።

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ፤ እኔን አዩ። "ሰላምታዬ ይሄን ያህል ከበደ?" አሉ።

ማንም አልተጎዳም። ጋሼ ማሽኑን አጥፍተው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ጨዋ ነሽ። ጨዋ ሰው ግን ይሄን አይነካም። ባለጌ እስክትሆኚ ድረስ እንጨት አለስልሺ።"

ሁለት ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ ከረምኩ። ራሴን ለማስለመድ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ በልቤ እስከ አምስት ቆጥሬ እመልስ ጀመር። ወሬው እናቴ ዘንድ ደረሰ። "ልጅሽ ኮራች አሉኝ። መላጊያውንም ከልክለውሻል። እንግዲህ ፓስፖርቱ ይሻላል" አለችኝ።

አንድ ከሰዓት ጋሼ "እስቲ ዛሬ ሞክሪ" አሉኝ። ረጅም የዋንዛ ጣውላ ይዤ መሃል ላይ ስደርስ ከእስጢፋኖስ ገዳም አንድ መነኩሴ ገቡ። አባ ለአብነት ተማሪዎቻቸው አትሮንስ፣ የመጽሐፍ ማስቀመጫ፣ ሊያሠሩ ነው የመጡት።

"እንደምን ዋላችሁ?"

ጋሼ ሆን ብለው ዝም አሉ።

"ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ?"

ክርኔ በራሱ ሊነሳ ፈለገ። ዓይኔን ከጣውላው አላነሳሁም።

"እግዚአብሔር ይመስገን አይባልም?"

መግፊያውን አንስቼ ጫፉን እስከ መጨረሻው ገፋሁ። አጠፋሁ። ምላጩ ቀጥ እስኪል ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ዞሬ በሁለት እጄ ሰላም አልኳቸው። "እንደምን ዋሉ፣ አባ? ሰምቼዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።"

አባ ወደ ጋሼ ዞሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ደንቆሮ ቀጠርክ ብዬ ነበር።"

"ደንቆሮስ አይደለችም። ሁለት ወር ለፍቼ ነው ባለጌ ያደረግኋት።"

አባ ሳቁ። "እኛም ዘንድ ንባብ ላይ ያለ ተማሪ ማንም ቢገባ ቀና አይልም። ቀና ካለ መምህሩ ይቆጣዋል።"

ጋሼ የአትሮንሱን እንጨት ከጥግ አንስተው እጄ ላይ አደረጉት። "ከዛሬ ጀምሮ መላጊያው ያንቺ ነው። ለእናትሽም ንገሪያት።"

ማግኔቱን አሳለፍኩ፤ ንጹሕ ነው። ማሽኑን አስነስቼ ቀና ስል አባ ከጣውላው ኋላ፣ ልክ ቢወረወር በሚያልፍበት መስመር ላይ ቆመዋል።

"አባ፣ ከዚያ ዞር ይበሉ!"

ድምፄ ከሞተሩ በላይ ወጣ። አባ ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ጋሼም አብረዋቸው ተጠጉ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁኝ። እኔም ሳልቸኩል ገፋሁ።