ዶሮዎቼ ከእጄ የሸሹ ሰሞን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። የነገርኩት ሰው ሁሉ "ለዶሮ ብለሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?" ይለኛል። ለዶሮ ብቻ አልነበረም።

እናቴ ከታመመች ወዲህ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ንግግሯም ቁርጥርጥ ያለ ሆነ። ሐኪሙ ጣቶቿ እንዲፍታቱ ኳስ ትጨብጥ ቢልም ኳሱን አልጋ ሥር ትወረውረዋለች። አንድ ቀን ታዲያ ከቀፊራ ገበያ ያመጣኋት ቀይ ዶሮ እግሯ ሥር ስትለቅም፣ እናቴ በዚያ በደካማ እጇ ልትነካት ስትሞክር አየሁ። ዶሮዋ በርግጋ ሸሸች።

ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቹን ማላመድ ያዝኩ። ከቅመም ንግዴ ስመለስ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማሽላ በመዳፌ ይዤ ዝም እላለሁ። መጀመሪያ አጠገቤም አይደርሱ ነበር። እያደር ከመዳፌ መልቀም ጀመሩ። እጅ ከላይ ሲመጣባቸው ጭልፊት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ከታች፣ ከደረታቸው በኩል እዳብሳቸዋለሁ። በመጨረሻ ቀይዋ እናቴ ጭን ላይ ተቀምጣ ዓይኗን እስከ መጨፈን ደረሰች። ላባዋን ስትዳብስ የእናቴ ጣቶች መላወስ ጀመሩ።

ያን ሰሞን የወንድሜ ልጅ ታገባ ስለነበር እኔና እናቴ መልካ ጀብዱ ሄደን ሰነበትን። ዶሮዎቹን ለሆዳን አደራ ብዬ ነው የሄድኩት። ሆዳን ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ገና መግባቷ ነው። ሶማሌ ናት፤ ባሏ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። አማርኛዋ ጥቂት ስለነበር ከሰላምታ ያለፈ ጨዋታ አልነበረንም።

ስንመለስ ዶሮዎቹ ሌላ ሆነው ጠበቁን። እጄን ስዘረጋ እየጮሁ አጥር ላይ ይወጣሉ። ቀይዋን እንደምንም ይዤ እናቴ ጭን ላይ ባስቀምጣት ክንፏን እያርገበገበች ወረደች፤ የእናቴንም ክንድ ጫረች። እናቴ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ቁርሷን አልነካችም።

ሰው መትቷቸዋል አልኩ በልቤ። ከሆዳን ሌላ ማን ነበር?

መከታተል ጀመርኩ። የዶሮዎቹን የውሃ ሳህን እያነሳሁ አሸታለሁ። በመጋረጃዬ ጠርዝ አያታለሁ። ሆዳን ግቢውን ስትጠርግ ዶሮ ከቀረባት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በሌላ በኩል ትዞራለች። የምትሸሻቸው ያደረገችውን ስለምታውቅ ነው አልኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልብስ ስታሰጣ ዶሮዎቹ ያለ ምንም ፍርሃት እግሯ ሥር ሲለቅሙ አየሁ። ይሄኛው ባሰብኝ። እኔን ፈርተው እሷን የማይፈሩት ምን አቅምሳቸው ነው?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት ካለቀ ወዲህ፣ እናቴ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳለ አላስችል አለኝ።

"ሆዳን፣ እኛ ሳንኖር ዶሮዎቹን ምን አደረግሻቸው?"

"እህል ሰጠሁ። ውሃ ሰጠሁ። ሌላ ምን?"

"መትተሻቸዋል?"

"እኔ? ወላሂ አልነካኋቸውም፣ አባዮ" አለች። እህቴ ማለቷ ነው።

"ታዲያ እኔን ለምን ይሸሻሉ?"

ከያዝኩት ሳህን ማሽላ ዘግና፣ ቁጢጥ ብላ መዳፏን ዘረጋች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀይዋ መጥታ ከመዳፏ ለቀመች።

"አየሽ?" አለች።

ያየሁትማ የጥፋተኛ እጅ ነው። ባልሽ ሲመጣ ሌላ ቤት ፈልጉ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እጅ" አለች እናቴ።

ዞር አልን። ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ አንስታ እያየችው ነበር። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ጠቀለለችበት፤ ማሽላ እንዳደርግላት በዓይኗ አዘዘችኝ። አደረግሁላት። ዝቅ ስታደርገው ቀይዋ መጥታ አንገቷን አስግጋ ከሻርፑ ላይ ለቀመች። እናቴ ሻርፑን ሳብ አደረገችው። እጇ ሲገለጥ ዶሮዋ ወደ ኋላ ዘለለች።

"ሂና" አለች እናቴ። ቃሉ ሙሉ ሆኖ ነው የወጣው።

በሠርጉ ዋዜማ እኔና እናቴ ሁለታችንም ከጥፍራችን እስከ አንጓችን ጥቁር ሂና ተቀብተን ነበር። ዶሮዎቹ የለመዱት ያን እጅ አልነበረም።

ሆዳን የእኔን እጅ አየች፤ ሂና የሌለበትን የራሷን እጅ አየች። አልሳቀችም። ማሽላውን አራግፋ ወደ ክፍሏ ገባች። "ሆዳን" ብዬ ብጣራ "ሰላም ነው" አለችኝ ከውስጥ። ሰላም አልነበረም።

ሂናው እየደበዘዘ ሲሄድ ዶሮዎቹ ተመለሱ። ሆዳን ግን ዘገየች። ረመዳን ሲገባ ለኢፍጣር ሳምቡሳ ላኩላት። ሳህኑን ተምር ሞልታ ራሷ ይዛ መጣችና እናቴ አጠገብ ተቀመጠች። ያን ምሽት ነው የነገረችኝ። ልጅ ሳለች አውራ ዶሮ ዓይኗ ሥር ነቁሯት ነበር። ምንቃር ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራታል። የእኛንም ዶሮዎች ስትመግብ እህሉን የምትበትነው ከሩቅ ሆና ነበር።

"ታዲያ ያን ቀን እንዴት እጅሽን ሰጠሻቸው?" አልኳት።

"አንቺ እንደዚያ ስታዪኝ" አለች፣ "ከዶሮው አንቺ አስፈራሽኝ።"

መጠርጠሩ ዛሬም አልለቀቀኝም። ወተት ቢቆመጥጥብኝ ቀድሜ የማስበው ወተት ሻጩን ነው። ሆዳን አሁን ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ትውላለች። እናቴ በዚያ በደካማ እጇ የሆዳንን የእጅ አንጓ ይዛ ቀይዋ ጀርባ ላይ ታሳርፍላታለች። ሆዳን ዓይኗን ትጨፍናለች። "ቀስ" ትላታለች እናቴ። እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ እንዳይከብዳት ስል፣ የምሠራው ባይኖረኝም ወደ ጓዳ እገባለሁ።