ክፍሌ የት ነው?

ባለፈው ሰሞን አትላንታ አጠገብ፣ አቮንዴል እስቴትስ ውስጥ የሚከራይ አፓርታማ ለማየት ሄጄ፣ ገና በሩ ሲከፈት ያልደረቀ የግድግዳ ቀለም ሸተተኝ። ምንም ዕቃ የለበትም፤ መጋረጃ እንኳ የለውም። እናቴ በስልክ ከጆሮዬ አልወርድ ብላለች፤ ቤቱን የምትከራየው እሷ ነው የምትመስለው። «ስንት ክፍል ነው?» አለችኝ። «ቱ ቤድሩም» አልኳት። «ክፍል በይ! ሁለት ክፍል ማለት አፍ ያቆስላል?» እሺ ብዬ «ሁለት ክፍል» ስል፣ ድምፄ በባዶው ቤት ዞሮ ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቤቱን የምታሳየኝ ሴትዮ የበረደኝ መስሏት ሙቀት ጨመረችልኝ። አልበረደኝም። ጋሽ ክፍሌ ናቸው ትዝ ያሉኝ።

ጋሽ ክፍሌ ክላርክስተን ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። የእኛንና የልጃቸውን የሰለሞንን አፓርታማ የሚለየው አንድ ቀጭን ግድግዳ ነው፤ እሳቸው በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ እናቴ በዚህ በኩል «ይማርዎ!» ትል ነበር። ሰለሞን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ ሚስቱ ሄለን ሮዝዌል ድረስ እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። ጋሽ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ላይ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ነው ልጃቸው ያመጣቸው። ሲመጡ ሰው በርበሬና ሽሮ ሲጭን፣ እሳቸው አንድ ፓኮ ጠመኔ ይዘው መጡ። ከቤት ሳይወጡ እንኳ ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው ነው የሚውሉት። አጠገባቸው ስቀመጥ ቪክስና የጠመኔ ብናኝ ይሸቱኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ፕላስቲክ በለበሰው የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ያስተምሩኝ ነበር። እናቴ ናት የላከችኝ፤ «እንግሊዝኛው የትም አይሄድብሽም» ብላ። ሰሌዳ ስለሌለ የሄለንን ጥቁር የኦቨን ትሪ ገልብጠው ይጽፉበታል። «አባባ፣ ዶሮ የምጠብስበት እኮ ነው!» ስትላቸው፣ «ዶሮው ይቆይ» ይሏታል ቀና ሳይሉ።

አንድ ቅዳሜ ሄለን የት ናት ሲሉኝ «ሩሟ ውስጥ ናት» ብዬ አመለጠኝ። ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«ሩም? አንቺ ልጅ፣ እኔ የማውቀው ሩም አረቄ ነው። ክፍል በይ። ለመሆኑ ክፍል ማለት ምን ማለት ነው?»

ሊያሳዩኝ ዳቦ ከላስቲኩ ሲያወጡ ተቆራርጦ የተሸጠ ነው። «ይኸው! እዚህ አገር ዳቦውን እንኳ ከፍለው ነው የሚሰጡሽ» ብለው ተናደዱና ብርቱካን አመጡ። ልጠው ለያዩት። «ከፈለ ማለት ይሄ ነው። ይህ አንድ ክፍል፣ ይህ አንድ ክፍል። ቤትን በግድግዳ ስትከፍይው ክፍል ይሆናል። ተማሪውን ስትከፍይውም ክፍል ይሆናል። አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስድስተኛ።»

«አየሽ! ጦሩን ስትከፍይው ክፍለ ጦር፣ ዘመኑን ስትከፍይው ክፍለ ዘመን።»

«እና ሬንት ከፈልኩ ሲባልስ?»

ጥያቄዋ ደስ አሰኘቻቸው። «እሱም ያው ነው። ካለሽ ላይ ለይተሽ ትሰጫለሽ። የከፈለ ሰው ይጎድልበታል።» ይህን ሲሉ ብርቱካኑን አላዩም፤ በመስኮቱ አሻግረው ፓርኪንጉን ነበር የሚያዩት። ልቀልድ ብዬ፣ «የእርስዎ ስምስ? ማይ ሩም ማለት ነው?» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው አልበረከቱላትም። እኔ ስተርፍ ክፍሌ አለችኝ፤ ዕጣዬ፣ ድርሻዬ፣ ከፈጣሪ የደረሰኝ ማለቷ ነው። ግዕዙም ይህንኑ ነው የሚል። አንቺ ግን ማይ ሩም ካልሽኝ፣ ሳታንኳኪ እንዳትገቢ!»

ነገሩ በትንሹ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ሄለን ጫማቸውን ፍሪጅ ውስጥ አገኘችው። ሳቅን። ከዚያ ሶስና የሚለው ስሜ ጠፋቸውና በማላውቀው ስም ይጠሩኝ ጀመር። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ፤ ሳቁ ቀረ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ያቺ ጥያቄ መጣች።

«ክፍሌ የት ነው?»

ሄለን እጃቸውን ይዛ ወደ መኝታቸው ትወስዳቸዋለች። «ይኸው ክፍልዎ፣ አባባ። አልጋዎም ይኸው።» እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አልጋውን፣ ኮመዲኖውን፣ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ያዩና «ይሄማ ባዶ ነው» ይላሉ። ሰለሞን ደግሞ የገዛ ስማቸውን የረሱ መስሎት ሆዱ ይባባል። ጉንጫቸውን ይዞ «አባዬ፣ ክፍሌ አንተ ነህ» ሲላቸው በቁጣ ያዩታል። «እኔማ ይኸው አለሁ!» እናቴ ሁሉን ነገር ወደ ዕድል ነው የምትወስደው። «ዕጣ ፈንታዬ የት ነው ማለታቸው ነው፣ ምስኪን። የእኛስ የት እንዳለ ማን ያውቃል?» ብላ ትተክዛለች። አንዲት ቃል ናት፤ ሦስቱም እንደየሆዳቸው ሰሟት። የጠየቁትን የሚመልስላቸው ሲያጡ ራሳቸው ሊፈልጉ መውጣት ጀመሩ።

አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከሚሽከረከሩት ማሽኖች ፊት ቆመው ተገኙ። ሌላ ቀን የባቡር ሐዲዱ ላይ፣ ክራባታቸውን እንዳሰሩ። ያመጣቸው ፖሊስ ለሰለሞን፣ «በሚቀጥለው ባቡሩ ይቀድመናል» አለው። በማግሥቱ ሰለሞን ድሪል ይዞ መጣና የመኝታቸው በር ላይ መቀርቀሪያ ገጠመ። በውጭ በኩል።

ሄለን አለቀሰች። «የሥጋቸው ክፋይ ሆነህ እንዴት ትዘጋባቸዋለህ?»

«ምን ላድርግ በይኛ! ሥራ ብተው ቤቱን ማን ይከፍላል? አባቴን ባቡር ከሚበላብኝ ይቆለፍበት!»

ሦስቱም ሲመካከሩ፣ እናቴ ከማለዳ ሺፍቷ ቀትር ላይ ስትመለስ ገብታ ልታበላቸውና ልታጫውታቸው ተስማሙ። ከማለዳ እስከ ቀትር ግን ብቻቸውን ናቸው። ለትምህርት ቤት ስነሳ መቀርቀሪያው «ቀጭ» ሲል ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቶ የእሳቸው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል። አይጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ሰው እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል ቀስ ብለው፣ «ክፍሌ የት ነው? ኧረ ረፈደ!» ይላሉ። ለእናቴ ነገርኳት። «ዕድሜያቸው ነዋ የረፈደው» አለችና ቦርሳዬን አስያዘችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። በዚያ ሰሞን አልጋዬን ከግድግዳው አርቄ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

ከዚያ በረዶው ጣለ። አትላንታ በረዶ አታውቅም፤ ሁለት ጣት የማይሞላ በረዶ ነው ከተማዋን ቀጥ ያደረጋት። ቀትር ላይ ሁሉም ሰው ባንድ ጊዜ ከሥራ ወጣ፣ መንገዱ መስታወት ሆነ፣ መኪናው ባለበት ቀረ። እናቴ መንገድ ላይ፣ ሄለን ሮዝዌል፣ ሰለሞን ቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ተሳፋሪ ጭኖ ቀሩ። ትምህርት ቤታችን ከአፓርታማው ጀርባ ስለሆነ እኔ በእግሬ መጣሁ። እናቴ ደውላ፣ «ጋሽ ክፍሌን እያቸው፣ ቁልፋቸው ከምስማሩ ላይ አለልሽ» አለችኝ።

ቁልፉ አላስፈለገም። የውጭ በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በረዶው ምንጣፉ ላይ ገብቶ ነጭ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ ለባዶ ቤት ያወራል። የመኝታቸው በር መቀርቀሪያ አልተዘጋም፤ ሄለን በዚያ ጠዋት እጇ እምቢ እንዳላት የነገረችን በኋላ ነው። ካፖርታቸው ተሰቅሏል። ቡናማው ኮት፣ ክራባቱና የጠመኔው ፓኮ የሉም።

ለሰለሞን ደወልኩ። «ክፍላቸው ውስጥ የሉም» ስለው ከጉሮሮው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። «ፖሊስ እጠራለሁ! አንቺ ከዚያ እንዳትነቃነቂ!» አለኝ።

እንዴት ልቀመጥ? የጠመኔውን ባዶ ቦታ እያየሁ ቆምኩና ያ የጠዋቱ ድምፅ መጣብኝ። ረፈደ ያለ ሰው አልጋ ፍለጋ አይሄድም። ጋሽ ክፍሌ መኝታ አልነበረም የሚጠይቁት፤ የሚያስተምሩትን ክፍል ነበር። ልጆቻቸውን! ወይኔ፣ እኛ ደግሞ ክፍል ሲሉን ክፍል ሰጥተን ቆለፍንባቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። በረዶው ላይ አንድ የጫማ ዱካ አጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሰው የወደቀበት ትልቅ ምልክት አለ። እዚያ ስደርስ እንባዬ መጣ።

የትምህርት ቤቱ በር ለወላጆች ተብሎ ተከፍቶ ነበር። አውቶብስ ያጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ፊልም ተከፍቶላቸው ተቀምጠዋል፤ የኔፓል፣ የሶማሌ፣ የበርማ፣ የኮንጎ ልጆች። ጋሽ ክፍሌ ከፊታቸው ቆመዋል። ኮታቸው ርሶ ጥቁር ሆኗል፣ ግንባራቸው ተልጦ ይደማል፣ ጠመኔ ይዘዋል። አስተማሪዋ ልጆቹን ወደ ጥግ ሰብስባለች። ጥበቃው በሩ ላይ ሆኖ፣ እጁን ወገቡ ላይ ባለው ሽጉጥ አድርጎ፣ እጅዎን ያሳዩኝ እያለ ይጮኻል። እሳቸው አይሰሙትም። ስም እየጠሩ ነው።

«ሰይድ አሊ!»

ዝም።

«ዘነበች ካሳ!»

ዝም።

«ይመር አበጋዝ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «የት ሄዱ? ዓርብ ዕለት ነበሩ እኮ! ሁሉም ነበሩ!» ብለው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ጥበቃው ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

በጥበቃው ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። «ሂ ኢዝ ኤ ቲቸር!» ብዬ ጮህኩ። «ፕሊስ! ቲቸር ነው!» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሬ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ፣ «አቤት!» አልኩ።

ቀና አሉ። ከኪሳቸው የወጣው መሐረብ ነበር። ዓይናቸውን ጠረጉበት።

«ይመር አበጋዝ?»

«አቤት!»

«ፋጡማ ሰይድ?»

«አቤት!» ከኋላዬ አንዲት ትንሽ የሶማሌ ልጅ አብራኝ «አቤት!» አለች፤ ጨዋታ መስሏት ይሆናል። ለሚቀጥለው ስም ሌሎቹም ተቀበሉ። ጥበቃው እጁን ከወገቡ አነሳ። የስሞቹ ዝርዝር ረጅም ነበር፤ ሲያልቅ ጋሽ ክፍሌ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሁሉም አሉ?»

«ሁሉም አሉ፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉና ጠመኔውን ወደ ፓኮው መለሱ። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ነበር።

ሰለሞን መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ በእግሩ ሲመጣ በማግሥቱ ረፍዶ ነበር። የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ዘነበችንም ጠራ?» ብሎ ነው። ስሞቹን ያውቃቸዋል፤ አባቱ በእንቅልፋቸው ሲጠሯቸው ሰምቶ ነው ያደገ። ወጣቱ እየታፈሰ በሚገደልበት በዚያ ክፉ ዘመን ጋሽ ክፍሌ ዓርብ አስተምረው ሲወጡ ክፍሉ ሙሉ ነበር፤ ሰኞ ሲገቡ ዴስኩ ባዶ ነው። ግማሹ ሸሽቷል፣ ግማሹ ተወስዷል። ስም ጠርተው ጨረሱ፤ አቤት ያለ አልነበረም። ሰለሞን ይህን እያወራ መቀርቀሪያውን ነቀለው፤ ድሪሉን እስኪያመጣ እንኳ አልታገሠም፣ በቢላ ነው የፈታው። «እኔ ደግሞ ክፍሌ አንተ ነህ እለው ነበር» አለ፣ ቢላውን እንደያዘ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ።

ጋሽ ክፍሌ ከዚያ ቀን ወዲያ ክፍሌ የት ነው ብለው አልጠየቁም። ብርዱ ግን ደረታቸው ላይ ቀረ፤ ዛፎቹ ሳያቆጠቁጡ አረፉ። ሄለን እስከ ዛሬ መቀርቀሪያውን ባለመዝጋቴ ገድያቸዋለሁ ትላለች፤ እናቴ ደግሞ አሳርፈሻቸዋል ትላታለች። ማን ልክ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

እኔ ላይ የቀረው አንድ ልማድ ነው። በሥራም በቤትም ስሜ ሲጠራ፣ ከየትም ይሁን፣ ቶሎ ብዬ «አቤት!» እላለሁ። ፈረንጇ አለቃዬ እንኳ ለምዳዋለች። እናቴ በአስተዳደጓ ትኮራለች፤ ጨዋነት መስሏት ነው። ጨዋነት አይደለም። ስም ተጠርቶ ዝም ሲባል እፈራለሁ።